ጀልባን እንደ አጋሰስ የጫኑት እትዬ ትርንጎ

እትዬ ትርንጎ ከሮም ከሄዱ ሁለት ወር ተኩል ሆናቸው። በዚህ ጊዜ ውስጥ እኔ የሰማሁት ብቻ አራት ጊዜ ሞተዋል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቤት ሠራተኞች ሁሉ እረፍት ይወጣሉ። ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ካለው አደባባይ ብቅ ካላችሁ ወሬው ትኩስ ትኩሱን ይጠብቃችኋል። አንዷ «ማዕበል ገለበጣቸው» ትላለች። ሌላዋ «ኧረ ዓሣ ነባሪ ነው የዋጣቸው» ትላለች። ሦስተኛዋ ደግሞ ከንፈሯን ትመጥና «ምን ሞቱ! ካፒቴኑን አግብተው ነው እንጂ» ትላለች። ይቺኛዋን ወሬ እኔም እወዳታለሁ። ችግሩ ካፒቴኑ ሚስት አለው፤ ሚስቱም የእማዬ አሠሪ ናት።

ዓሣ ነባሪውን ግን ፈጽሞ አላምንም። ዮናስን ሦስት ቀን አቆየው ይባላል። እትዬ ትርንጎን ቢውጥ ገና በመጀመሪያው ቀን ሆዱ ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ይኼ ምን ዓይነት ጓዳ ነው? ማን ነው እንዲህ ያዝረከረከው?» ሲሉት ራሱ ይተፋቸዋል።

እውነቱን እኔ አውቃለሁ። ባለፈው እሑድ ነው የተሰማው። ሰው አምስተኛ ጊዜ ሳይገድላቸው ከሥሩ ጀምሬ ልጻፈው።

እትዬ ትርንጎ የደብረ ታቦር ሰው ናቸው። ቶር ፒኛታራ ባለችው ቤታችን፣ ከእኔ ጋር በአንድ ክፍል፣ ሦስት ዓመት ኖረዋል። አጭርና ወፍራም ናቸው፤ ሲያንኮራፉ በካዚሊና መንገድ የሚያልፈው ባቡር ክፍላችን የገባ ይመስላል። ቀን ቀን ፓሪዮሊ ሄደው አንዲት አሮጊት ይጦራሉ። ለሮም ያላቸው አክብሮት እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ኮሎሴዮን፣ ያን ግማሹ የፈረሰ ጥንታዊ ሕንፃ፣ ያሳየኋቸው ቀን ቀና ብለው አይተው፣ «ባለቤቱ ሞቶ ነው?» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

አባታቸው የአንድ ትልቅ ሹም ስንቅ ጫኝ ነበሩ። ሹሙ ዘመቻ ሲወጣ የሠራዊቱን በሶ፣ የሠራዊቱን ሽሮ፣ የሠራዊቱን ቅቤ አጋሰስ ላይ የሚጭኑት እሳቸው ናቸው። እትዬ ትርንጎ ከአባታቸው የወረሱት መሬት ሳይሆን ሦስት ሕግ ነው፦ ከባዱ ከታች፣ ግራና ቀኙ እኩል፣ ቶሎ የሚፈለገው መጨረሻ ይጫናል። በዚህ ሕግ የማይዳኝ ዕቃ ቤታችን ውስጥ አልነበረም። የትምህርት ቤት ቦርሳዬን እንኳ ጠዋት ጠዋት አራግፈው እንደገና ይጭኑት ነበር። ክፍል ገብቼ ስከፍተው ዳቦው ከላይ፣ የላቲን መጽሐፌ ከሥር።

«እትዬ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ እኮ ላቲን ነው!»

«እና? ላቲንን ማን ቶሎ ይፈልገዋል?»

አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሙሉ ትባላለች። በዚያ በክፉው ጊዜ፣ እኩዮቿ አንድ በአንድ ሲታፈሱ፣ ከድሬዳዋ ተነስታ በእግሯ ጂቡቲ ገባች። አራት ዓመት ሙሉ እዚያ የሰው ልብስ እያጠበች ነው። እትዬ ትርንጎ ወደ ጂቡቲ ለመግባት ቪዛ ቢጠይቁ አልተሳካላቸውም፤ ልጅቷን ወደዚህ ለማምጣት ቢሞክሩም አልሆነም። ሲያለቅሱ ግን አይቼ አላውቅም። የሙሉ ደብዳቤ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ያነቡትና አጥፈው ጡታቸው ሥር ይከቱታል፤ ከዚያ ምንም ያላጠፋ ድስት ፈልገው እስኪያብረቀርቅ ይፈትጉታል።

ባለፈው ክረምት አንድ ቀን ምሳ ላይ እማዬ ስለ አሠሪዎቿ ታወራለች። ሲኞር ጉልየልሞ ጡረታ የወጣ የጥርስ ሐኪም ነው። ፊውሚቺኖ ወደብ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ አለው።

«ሊሄድ ነው አሉ» አለች እማዬ። «ከሁለት ጓደኞቹ ጋር በስዊዝ ቦይ ገብተው፣ ቀይ ባሕርን ወርደው እስከ ሲሼልስ። ጂቡቲ ላይ ውኃ ይቀዳሉ፣ አትክልት ይገዛሉ፣ ከዚያ…»

እትዬ ትርንጎ የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ሳህኑ ላይ አስቀመጡት።

«ማነው የሚያበስልላቸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፤ ኩቺናውን ገና እያሰናዱ ነው። ሰው እየፈለጉ ነው አሉ።»

«አገኙ» አሉ እትዬ ትርንጎ።

«እርስዎ? እትዬ፣ እርስዎን እኮ አውቶቡስ ያስመልስዎታል!»

«አውቶቡስ ሌላ ነው። አውቶቡስ የሚነዳው ሮማዊ ነው።»

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መርከበኛ ወደብ ላይ ሲወርድ ቪዛ የሚለው የለም፤ ጠይቄያለሁ» አሉ። ያን ቀን የተረፈውን ምሳ ማንም አልጨረሰውም።

ሲኞር ጉልየልሞን ሊያነጋግሩ ሲሄዱ አስተርጓሚያቸው እኔ ሆንኩ። ጣሊያንኛቸው ገበያ ለመጨቃጨቅ እንጂ ሥራ ለመለመን አይሆንም፤ ለዶክተሩም ለፖሊሱም «አንተ» ነው የሚሉት።

«በውኃ ላይ ሠርታ ታውቃለች?» አለኝ ሲኞር።

«ጣናን ተሻግሬያለሁ በይው።»

እኔ «ብዙ ጊዜ» የምትል ጨመርኩበት። የተሻገሩት አንድ ጊዜ ነው፤ በታንኳ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

የጀልባዋ ማብሰያ ቤት የእኛን ቁም ሣጥን ታክላለች። ቀድማ ያሰናዳቻት የሲኞር ሚስት ሲኞራ ፍራንካ ነበረች። የክሪስታል ብርጭቆ፣ ስስ የሸክላ ሲኒ፣ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ ደርድራባታለች። እትዬ ትርንጎ ደረጃውን ወርደው መሐል ቆሙና ሰውነታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ።

«አሁን ቁልቁለት ላይ ነን እንበል» አሉ፣ እንዳዘነበሉ። «ይኼ ብርጭቆ የት ይሄዳል?» ወደ ቀኝ አዘነበሉ። «ይኼ ሲኒስ? ማን ላይ ነው የሚወድቀው? ጀልባም እኮ አጋሰስ ነው። ልዩነቱ ገደሉ ከሥሩ መሆኑ ነው።»

እኔ እንዳለ ተረጎምኩት፤ አጋሰሱንም በቅሎ አልኩት። ሲኞር በሳቅ ፈረሰ። ሲኞራ ግን ፊቷን አጠቆረች። ጀልባዋ ለካ በእናቷ ስም ነው የተሰየመችው።

በማግስቱ ክሪስታሉ ወጣ። በምትኩ የቆርቆሮ ሳህንና ኩባያ ገባ። ሲኞር በየመደርደሪያው ዙሪያ ዕቃ የሚያስቀር የጣውላ ጠርዝ መታ። ምድጃውን ከሁለት ጎን በብሎን አንጠለጠለው፤ ጀልባዋ ስታዘነብል እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እትዬ ትርንጎ በጣታቸው ወዝወዝ አድርገው አይተውት፣ «ይኼ ምድጃ ከብዙ ሰው ይሻላል» አሉ። ዕቃ ማጠቢያዋ ላይ በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ተገጠመ፤ ሳህኑ በባሕር ውኃ ይታጠባል፣ ጨው አልባው ውኃ ለመጠጥና ለወጥ ብቻ ነው። ማዕበል ሲነሳ አብሳይዋ እንዳትወድቅ ከግድግዳው ጋር የምትታሰርበት ጠፍርም ነበር። እሳቸው ጠፍሩን አይተው «ወይፈን መሰልኩት እንዴ?» ብለው መለሱለትና በራሳቸው መቀነት ተኩት።

ሲኞር ደግሞ እንቁላል ቫዝሊን ከተቀባ ሳይበላሽ አንድ ወር ይቆያል አለ።

«ይኼስ ገባኝ» አሉ እትዬ ትርንጎ፤ «ሙሽራ ነው።»

ሁለቱ የወደቡ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ከሰዓቱን ሙሉ እንቁላል ሲያወዙ ዋሉ። ሲኞር አንዱን ቀብቶ ሲያቀብላቸው እሳቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው ያዩትና «ይቺ ቆንጆ ናት፣ ቶሎ ታገባለች» እያሉ ቅርጫት ውስጥ ያጋድሟታል። ምን እንደሚሉ ሳልተረጉምለት ሲኞር ይስቅ ነበር።

ስንቁን የምናሰናዳው እኛ ቤት ነበር። ቅመሙን ከፒያሳ ቪቶሪዮ ገበያ ገዝተን ሽሮውን፣ በሶውን፣ ዳቦ ቆሎውን አዘጋጀን። እትዬ ትርንጎ ጀልባዋ ውስጥ የጾሙን በግራ መደርደሪያ፣ የፍስኩን በቀኝ ደረደሩ። እንዳይነካካ ነዋ። ከዚያ ወደቡ ላይ ቆመን ስናያት ጀልባዋ ወደ ቀኝ ጋደል ብላለች። የሥጋ ጣሳ ከምስር ከረጢት ይከብዳል፤ ይኼን ማንም አላሰበበትም።

«አሎራ፣ እንግዲህስ?» አለ ሲኞር፣ አንገቱን ከጀልባዋ ጋር አጋድሎ።

የአባታቸው ሕግና የቤተ ክርስቲያን ሕግ ሲጣሉ ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ ትርንጎ ረጅም ሰዓት አሰቡ። በመጨረሻ የመጠጥ ውኃውን ጀሪካን ሁሉ ወደ ጾሙ በኩል አዛወሩና፣ «ውኃ ለሁለቱም ይሆናል» አሉ። ጀልባዋ ተስተካከለች።

ያ ሁሉ መልካም ነበር። ያበላሸው ቋንጣው ነው።

ጥፋቱ የደብረ ታቦር ነፋስ ነው እላለሁ። እዚያ ሥጋ ዘልዝለህ ከሰቀልከው በጥቂት ቀን እንደ እንጨት ይደርቃል። እትዬ ትርንጎ ጀልባዋ ላይ የተወጠረውን ገመድ አይተው፣ «ይኼ ሁሉ ገመድ ባዶውን?» ብለው ከአፍንጫዋ እስከ ምሰሶዋ ድረስ በበርበሬ የታሸ ዝልዝል ሰቀሉበት። ፊውሚቺኖ ግን አየሩ ራሱ እርጥብ ነው። በሁለተኛው ቀን ሥጋው ከተሰቀለበት ቀን ይልቅ ረጠበ። በሦስተኛው ቀን የባሕር ወፎቹ አወቁ።

ስንደርስ ሰማዩ ነጭ ሆኗል። አንዱ ወፍ ዝልዝሉን መንትፎ ይውጥና በርበሬው ሲደርሰው እንደ ሕፃን ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰምቶ ሌላው ይመጣል። እትዬ ትርንጎ ማማሰያ ይዘው ጀልባዋ ላይ ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ፦

«ሌቦች! ዛሬ እኮ ረቡዕ ነው! እናንተ ጾም የላችሁም?»

በዚህ መሐል ሲኞራ ፍራንካ ነጫጭ የለበሱ እንግዶቿን ይዛ ምሳ ልትጋብዝ መጣች። የባሕር ወፍ የበላውን ሆዱ ውስጥ ብዙ እንደማያቆይ ያወቅኩት ያኔ ነው። የወረደውም ቀይ ነበር። ከዚህ በላይ አልገልጸውም፤ እማዬ ይኼን ጽሑፍ ታነበዋለች።

ሲኞራ ያን ቀን ወሰነች። ከጄኖቫ አንድ ልምድ ያለው የጀልባ አብሳይ ይመጣል አለች። ሲኞር ለመናት። በመጨረሻ ተስማሙ፦ እስከ ፖንዛ ደሴት የሦስት ቀን ሙከራ ይደረጋል፤ እትዬ ትርንጎ ካለፉ አለፉ፣ ካልሆነ የጄኖቫው ሰው።

ከሙከራው በፊት የጣሳው ሥራ ቀርቶ ነበር። ጀልባ ሆድ ውስጥ ውኃ መግባቱ አይቀርም። ያኔ የጣሳው ወረቀት እየተላጠ ፓምፑን ይደፍናል። ስለዚህ ወረቀቱ አስቀድሞ ተልጦ፣ የውስጡ ስም ጣሳው ላይ በቀለም ይጻፋል። ሲኞር ቀይ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ሰጥቶኝ ሄደ።

«እትዬ፣ በምን ልጻፍ?»

«በማነበው ነዋ! የሚያበስለው ማን ሆነና?»

እትዬ ትርንጎ ዳዊት ይደግማሉ፤ የላቲን ፊደል ግን ለሳቸው የዶሮ ጭረት ነው። እኔም አማርኛ መጻፍ እማዬ ካስተማረችኝ ገና ዓመቴ ነው፤ ጣቴ ይበላኛል። ጻፍኩ። ቲማቲም። ሽምብራ። ኮክ። ቲማቲም። ቲማቲም። ከሠላሳኛው ቲማቲም በኋላ ሰለቸኝና ማሳመር ጀመርኩ። «ባቄላ፤ ከተበላ በኋላ መስኮት ይከፈት»። «ሰርዲን፤ ራሳቸውን ያጡ ወንድማማቾች»። «ሥጋ ነው ይባላል»። እትዬ ትርንጎ እያንዳንዱን ጣሳ ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ጮክ ብለው ያነባሉ። «ራሳቸውን ያጡ» ላይ ሲደርሱ ቆመው መሳቅ አቃታቸውና የወደቡ ድንጋይ ላይ ዘፍ አሉ፤ እንባቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። ሰው እኔ በጻፍኩት ነገር ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሳይሾመኝ ጸሐፊ ሆንኩ።

ፖንዛ ሄድን። ወደቡን ለቀን ብዙም ሳንርቅ እትዬ ትርንጎ አረንጓዴ ሆኑ። መቀነታቸውን ከግድግዳው ቀለበት ጋር አስረው፣ ባልዲ በጉልበታቸው መሐል ይዘው፣ በቀኝ እጃቸው ያማስላሉ። ያስመልሳሉ፣ አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ፣ ጨው ይቀምሳሉ፣ እንደገና ያስመልሳሉ። በመሐሉ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጋር ይጣላሉ፦

«አንተ ዓሣ አጥማጅ ሆነህ እንኳ ሰምጠህ ነበር! እኔ የደብረ ታቦር ልጅ ነኝ! ቢያንስ ወጡ እስኪበስል ታገሠኝ!»

ሦስት ቀን ሙሉ ግን ቁርሱ በሰዓቱ፣ ምሳው በሰዓቱ ወጣ። አንድ ኩባያ አልተሰበረም። አንድ ድስት አልተገለበጠም።

ፊውሚቺኖ ስንመለስ ሲኞራ ፍራንካ በለሰለሰ ድምፅ ጠራችኝ። የለሰለሰ ድምፅ አልወድም።

«ምስኪኗ ሴት ታማለች። እንዲህ ማሰቃየት ኃጢአት ነው። የጄኖቫው ሰው ሰኞ ይመጣል ብለሽ ንገሪያት።»

ነገርኳቸው። እትዬ ትርንጎ ጎንበስ ብለው መቀነታቸውን ከቀለበቱ ይፈቱ ጀመር፤ ቋጠሮው እምቢ አላቸው። ጂቡቲ ከፊታቸው ስትርቅ በዓይኔ አየኋት። ሲኞር ባሕሩን ያያል እንጂ እሳቸውን ማየት አልቻለም።

ቋጠሮው ተፈታ። ቀና አሉ።

«ደህና» አሉ። «የጄኖቫው ሰውዬ ዳዊት ደግሟል ወይ በያት።»

ሲኞራ ትርጉሙን ሰምታ ግንባሯን ቋጠረች። እትዬ ትርንጎ የመደርደሪያውን በር ከፈቱት። ከላይ እስከ ታች ራቁቱን የተደረደረ ጣሳ፣ በቀይ ቀለም፣ በአማርኛ። ሲኞራ አንዱን አነሳች፣ ገለበጠችው። ሌላ አነሳች። ሲኞር ወደ እኔ ዞረ።

«ይኼ ምን ይላል?»

እትዬ ትርንጎን አየኋቸው። ራሳቸውን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ፣ ነቀነቁ።

«እኔ እንጃ፣ ማንበብ አልችልም» አልኩ። ቀዩ ቀለም ገና ከጥፍሬ አልለቀቀም ነበር።

ሲኞር ጥፍሬን አየ። መክፈቻ አነሳና አንድ ጣሳ ከፈተ፤ ኮክ። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ሰርዲን። ሦስተኛውን ከፈተ፤ ባቄላ። ሦስቱን ፊቱ ደርድሮ ተቀመጠና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው።

«ፍራንካ» አላት፣ ትንፋሽ ሲያገኝ፣ «ወይ ይቺን ሴት እወስዳለሁ፣ ወይ እስከ ሲሼልስ እየገመትኩ እበላለሁ።»

ሲኞራ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ። እሷ ራሷ ሲሼልስ በአውሮፕላን እንደምትደርስም እዚያው አስታወቀች።

ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ጠየቅኳቸው። «እትዬ፣ መጀመሪያውኑ አስበውበት ነው?»

«አባቴ ስንቅ ሲጭን ቋጠሮውን ከሱ በቀር የሚፈታው አልነበረም» አሉኝ፣ በመስኮቱ እያዩ። «ሹሙ ሲሻር እሱ ያልተሻረው ለዚህ ነው።» ከዚያ ከረጢታቸውን ከፍተው አንገታቸውን አስገቡ። አውቶቡስ አልተስማማቸውማ።

መስከረም ሲጠባ ሄዱ። ወደቡ ላይ እማዬ ስታለቅስ፣ «ጸሐይ፣ ውኃ አትጨምሪበት፣ ይበቃዋል!» ብለው በስሟ ጠርተው ከጀልባዋ ላይ ጮሁባት። ከስዊዝ አንድ ጊዜ ተደወለ። ከዚያ ዝም። አደባባይ ላይ የሚሞቱት እንግዲህ በዚህ ዝምታ ጊዜ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ምሳ ልናቀርብ ስንል ስልኩ ጮኸ። እማዬ አነሳች። የሲኞራ ፍራንካ ድምፅ ኮሪደሩ ጫፍ ለቆምኩት ለእኔ እንኳ ይሰማል።

«ወረደች! ጂቡቲ ላይ ወረደች፣ ያቺ ሴት!»

«ሲ፣ ሲኞራ» አለች እማዬ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደብ በገቡ በማግስቱ እትዬ ትርንጎ ምሳ ሠሩ። አንድ ትርፍ ሳህን አቀረቡ። አንዲት የማትታወቅ ልጅ ከወደቡ መጥታ፣ ቀጥ ብላ ገብታ፣ ከሦስቱ ወንዶች መሐል ተቀመጠች። እትዬ ትርንጎ ቆመው በእጃቸው አጎረሷት። ሲጨርሱ ሳህኑን አጠቡ፣ ምድጃውን ወለወሉ፣ ሽርጣቸውን አጣጥፈው ምሰሶው ላይ ሰቀሉ፣ የሦስቱንም እጅ ጨበጡና ከልጅቷ ጋር ወረዱ።

«ሦስት ወንዶች ያለ አብሳይ! ጉልየልሞ ደግሞ አይቆጣም! መንገዱን ሁሉ ፊደል ስታስተምረው ነበር፤ አሁን ጣሳ እያነበበ ብቻውን ይስቃል! ይኼ ጤና ነው?»

«ኖ፣ ሲኞራ… ሲ፣ ሲኞራ…»

እማዬ በስልክም ሆነ በአካል ሲኞራን ጥያቄ ጠይቃ አታውቅም። አሁን ግን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘችው።

«ሲኞራ፣ ልጅቷ… ምን ትመስላለች አሉ?»

«ምን ልሁን እኔ? ቀጭን ናት አለ ጉልየልሞ። ሴትዮዋን ቁርጥ፣ ግን ቀጭን። ስትበላ ታለቅስ ነበር አለ።»

እማዬ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ አለቀሰች ብዬ ወደሷ ስራመድ አፏን ከፈተችና፣ ስልኩ እንደተያዘ፣ እዚያው አሠሪዋ ጆሮ ውስጥ፣

«እልልልልልልልልልልል!»

አለችበት። ከታች ያሉት ጎረቤት በመጥረጊያ ጣሪያቸውን መቱ። ከስልኩ ውስጥ «ማዶና ሚያ! ጸሐይ! ጸሐይ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል።

እማዬ ግን ለሁለተኛው ትንፋሽ እየሳበች ነበር።